ሰናፍጭ ብዬ ዘርቼ ጎመን በቀለ፤ ተታልዬ ይሆን?

የሽምብጧ ጋጋሪ
ታኅሣሥ 2

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ነገሬ ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡና አንብቡልኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤት አስረክባለሁ። ከማድ ቤቴ ጀርባ ስድስት ሜትር በሦስት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችኝ። አከራዬ «እንዳሻሽ አድርጊያት» ብለውኛል።

እናቴ ነፍሷን ይማርና በጾም ሰናፍጭ ታዘጋጅ ነበር። አዚፋ ላይ ጠብ ስታደርገው አፍንጫችን ውስጥ ገብቶ ያስለቅሰናል። ወንድሜ እንባው እየወረደ ነበር የሚበላው። እንባው እየወረደ ደግሞ «ጨምሪልኝ» ይላል። እኔ ከተማ ገብቼ የምገዛው ዱቄት ግን ያ ነገር የለውም። ቀለሙ አለ፣ ምሬቱ አለ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቀው የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ራሴ ልዝራው አልኩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ከአንዲት ነጋዴ ዘር ገዛሁ። «ሰናፍጭ ነው አይደል?» ስላት «ታዲያ ምን ሊሆን ነው እቴ!» አለችኝ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ሰፈረችልኝ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲጠና በተንኩት። ሙሉውን ብርጭቆ። በአምስተኛው ቀን እንደ ሕፃን ፀጉር ድፍን ብሎ በቀለ። ደስ አለኝ። ሐምሌ ላይ ግን የጓሮዬ አፈር ዋልካ ስለሆነ ውሃ ተኛበት። በዝቅተኛው በኩል ያለው ቢጫ ሆኖ ሞተ። የቀረውን አሳሳሁት። የነቀልኩትን ቀቅለን በላን። ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ «አንቺ፣ ጎመን ነው እንዴ የዘራሽው?» ስትለኝ ሳቅኩባት። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ መዳፌን ሲያክል ሳቄ ቀረ።

መስከረም ላይ ቢጫ አበባ አወጣ። የማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ንቦች ጓሮዬን ሞሉት። ጥቅምት ዝናቡ ሲቆም ደግሞ አመድ የመሰለ ነገር የአበባውን ጫፍ ወረረው። ጠጋ ብዬ ሳየው ተባይ ነው፤ ተደራርቦ ተጣብቋል። እውነተኛ አመድ በተንኩበት። ምንም አላለውም። ግማሹ ጫፍ እንደተኮማተረ ደረቀ።

ኅዳር መጨረሻ የተረፈውን አጭጄ ሸራ ላይ ወቃሁት። ጆግ የማይሞላ ዘር አገኘሁ። በቡና መፍጫ ፈጨሁት። እናቴ እንደምታደርገው የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ከድኜ አሳደርኩት። ጠዋት ከፍቼ ስቀምሰው ጭቃ! መራራ ጭቃ። አዚፋ ላይ አድርጌ ለእንግዳ አቀረብኩ። የእህቴ ባል ቀምሶ ቀምሶ «ተልባ ነገር ገብቶበታል?» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሴትዮዋ ጋ ሄጄ በሰው ፊት ጮህኩባት። ጎመን ዘር ሰናፍጭ ብላ ሸጠችልኝ ብዬ ነው። ጎመን ዘርማ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ምጣድ የማስስበት አይደል እንዴ። እውነት ተታልያለሁ? ዘሩን ሳልዘራው መለየት የምችልበት መንገድ አለ? ያ አመዳም ተባይስ ምንድን ነው?


ጎመን በጤና
ታኅሣሥ 2

እህቴ፣ መስከረም ላይ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል አንቺ ጎመኑን ከጓሮ አላስወጣ ብለሽ ነው። ብቻ ነሐሴን በነፃ ጎመን አልፈሻል። እኔ ብሆን ሴትዮዋን አመሰግን ነበር።


ቁርጥ ወዳጁ
ታኅሣሥ 3

ተታልለሻል፤ ምንም ጥያቄ የለውም። ገበያ ላይ ሰናፍጭ የሚባለው ሁሉ ጎመን ዘር ነው። ጎመን ዘር ደግሞ አያቃጥልም፤ ለምጣድ ብቻ ነው የሚሆነው። እኔ ከቁርጥ ጋር የምበላውን በብልቃጥ የተዘጋጀ እገዛለሁ፤ ያስለቅሳል። ጊዜሽን አታባክኚ።


የአዴቱ
ታኅሣሥ 3

ወንድሜ ቁርጥ ወዳጁ፣ ትንሽ ቆይ። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ተክሉን እንጠይቀው።

እህቴ፣ እኔ ለዓመታት በግብርና ባለሙያነት ገጠር ለገጠር ዞሬያለሁ። አሁን ችግኝ ነው የምሸጠው። እስቲ አራት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ዘሩን የያዘው ቀጭን ቀንድ መሳይ ፍሬ ርዝመቱ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ፍሬው ከግንዱ ጋር ተለጥፎ ወደ ላይ ይቆማል ወይስ ወደ ውጭ ዘርዘር ብሎ ይወጣል? ሦስተኛ፣ የታችኛው ቅጠል ሲዳሰስ ፀጉር ፀጉር ይላል ወይስ ልስልስ ነው? አራተኛ፣ የዘሩ ቀለም።

ግንዱን ካልጣልሽው ሄደሽ እይው።


የሽምብጧ ጋጋሪ
ታኅሣሥ 3

አልጣልኩትም፤ ለእሳት ማያያዣ አስቀምጬዋለሁ። ይኸው ይዤው ተቀምጫለሁ።

ፍሬው በማስመሪያ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ከግንዱ ርቆ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ እንደ ተዘረጋ ጣት። ቅጠሉ ልስልስ ነበር። ደግሞ ስነካው እጄ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይቀር ነበር፤ ውሃ አይዝም፣ ዝናቡ ኳስ ኳስ እየሆነ ይንከባለልበታል። ዘሩ የተደባለቀ ነው። ቡናማው ይበዛል፣ ቢጫም አለበት።


የአዴቱ
ታኅሣሥ 4

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። የዘራሽው ጎመን ዘር ነው። ጥቁሩ ሰናፍጭ ቢሆን ኖሮ ፍሬው አጭር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር። ከግንዱ ጋር ተለጥፎ ነው የሚቆመው፤ ብርድ እንደያዘው ሰው ተጠግቶ። የታች ቅጠሉ ሻካራ ነው። ዘሩ ደቃቅ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ቁመቱ ሲመቸው ከሰው ያልፋል። በወንጌል ከተዘራች በኋላ ዛፍ ትሆናለች የተባለችው የሰናፍጭ ቅንጣት ይችው ጥቁሯ ናት የሚሉ ብዙ ናቸው።

በአበባ ግን እንዳትለዪያቸው። የጎመን ወገን ሁሉ አበባው አንድ ዓይነት ነው። አራት የአበባ ቅጠል፣ በመስቀል ቅርጽ። ውስጡን ከፍተሽ ብታዪ ስድስት ወንዴ ዘንግ አለ፤ አራቱ ረዘም ይላሉ፣ ሁለቱ ያጥራሉ። ሰናፍጭም፣ ጎመን ዘርም፣ ጥቅል ጎመንም፣ ፍጁልም እንደዚያው ናቸው። ገበያ ላይ በዘሩ ብቻ መለየትም ቀላል አይደለም፤ እኔም ስቼ አውቃለሁ። የጥቁሩ ደቀቅ ይላል፣ ሁሉም ጠቆር ያለ ነው። ቢጫ ከተደባለቀበት ጎመን ዘር ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ሆለታ ምርምር ያወጣው የሎ ዶዶላ የሚባል የጎመን ዘር ዝርያ አለ፤ የዚያ ዘር ቢጫ ነው።

አሁን ግን ሴትዮዋን ከመክሰስሽ በፊት ይቺን ስሚ። ጎመን ዘር ማለት የሰናፍጭ ልጅ ነው። ለማጣፈጥ አይደለም እንዲህ የምለው፤ በሥጋ ልጁ ነው። በጥንት ዘመን ጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን የሆነ ተክል ተዳቀሉ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ዲቃላ መካን ይሆናል። ይኼኛው ግን የሁለቱንም ወላጅ ክሮሞዞም ሙሉ በሙሉ ይዞ ቀረ። ጥቁር ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። የጥቅል ጎመን ወገን 9 ጥንድ አለው። የኛ ጎመን ዘር 17 ጥንድ አለው። ስምንትና ዘጠኝ፣ ደምሪው። ይህን ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. በሦስት ማዕዘን ሥዕል አድርጎ ያሳየው ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ ነው፤ ጃፓን ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ኮሪያዊ።

የውጭ ሰዎች በቋንቋቸው የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ይሉታል። እኛ ጎመን ዘር እንለዋለን፣ እነሱ ሰናፍጭ። ሁለታችንም አልተሳሳትንም፤ አንዳችን በእናቱ፣ አንዳችን በአባቱ ጠራነው።

የሚያቃጥለው ነገርም ከሰናፍጭ ወላጁ ወርሶታል። ቁርጥ ወዳጁ «ጎመን ዘር አያቃጥልም» ያልከው እዚህ ላይ ነው የማይሆነው። ያቃጥላል። እህቴ፣ የገደልሽው አንቺ ነሽ።


የሽምብጧ ጋጋሪ
ታኅሣሥ 4

እኔ? ምን አድርጌ?


የአዴቱ
ታኅሣሥ 4

የፈላ ውሃ አፍስሰሽ።

ክብሪትን አስቢው። እንጨቱ ብቻውን አይነድም፣ ቤቱም ብቻውን አይነድም። ሲፋተጉ ነው። ዘሩ ውስጥም ሁለት ነገር በየክፍሉ ተቀምጧል። አንዱ ሲኒግሪን ይባላል፤ ብቻውን ምሬት ነው። ሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ዘሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ አይገናኙም። ለዚህ ነው ደረቁን ዘር ብታሸቺው ምንም የማይልሽ። ሲፈጭ ግድግዳው ይፈርሳል። ውሃ ሲነካው ደግሞ ኢንዛይሙ ሥራ ይጀምራል፤ ሲኒግሪኑን ይሰብረዋል። ከዚያ የሚወጣው ነው አፍንጫ የሚሰነጥቀው። ተክሉ ይህን ያበጀው ለአዚፋ ብሎ አይደለም፤ ቅጠሉን የሚያኝክ ነፍሳት አፉ እንዲቃጠል ነው።

ኢንዛይሙ ግን ሙቀት አይችልም። የፈላ ውሃ ስታፈሺበት ሥራ ሳይጀምር ይሞታል። ምሬቱ ብቻ ይቀራል። የክብሪቱን ቤት ውሃ ውስጥ ነከርሽው ማለት ነው። መቁላትም እንደዚያው ነው። ለምጣድ ብለሽ ዘሩን የምትቆዪው ከሆነ ከዚያ ላይ ዘግነሽ ሰናፍጭ ልሥራ አትበዪ።

እስቲ ሞክሪው። ከዚያው ዱቄት ትንሽ ቀንሰሽ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ቅመሺና ለሁላችንም ንገሪን። ሎሚም ሆነ አቼቶ መጀመሪያ ላይ እንዳትጨምሪ። ኮምጣጣ ነገር ኢንዛይሙን ይይዘዋል። ካቃጠለ በኋላ ከጨመርሽው ግን ጥሩ ነው፤ ያገኘሽው ኃይል ቶሎ እንዳይጠፋ ያግዝሻል።


የመሸንቲው
ታኅሣሥ 5

አያቴን አጠገቤ አስቀምጬ ነው የምጽፈው። ጽሑፉን ሁሉ አነበብኩላት። የምትለውን እንዳለ ላስፍረው፦

«ልጄ፣ እናትሽን አትውቀሺ። እናትሽ የፈላ ውሃ አላፈሰሰችም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። እኛም እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ ጥሬ ውሃ ከገባበት ቶሎ ይበላሻላ። ማታ ውሃ አፍልተን ከድነን እናሳድራለን። ጠዋት በዚያ እንበጠብጠዋለን። አንቺ ልጅ ሆነሽ እሳቱ ላይ ያለውን አይተሻል፣ ሲቀዘቅዝ ተኝተሻል።

ዘሩን በመጀመሪያ አበጥሪው። ጠጠሩ ጥርስ ይሰብራል። ውሃ አርከፍክፈሽ እሺውና በጥላ አድርቂው። በቡና መፍጫ አልሽ? ይሁን። እኛ በወፍጮ ነው፣ በመጁ እየደጋገምን። ላመ ስትዪ እንደገና ፍጪው። ውሃውን በትንሽ በትንሹ ነው፤ እየመታሽ፣ እየመታሽ። መጀመሪያ ይመራል። አትደንግጪ። ፊትሽን ዘወር አድርገሽ ምቺ። ዓይንሽን ሲቆርጥሽ ያን ጊዜ ደርሷል። ከዚያ ነው ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት። አፉ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክደኚው። ክፍቱን ካደረ ነፍሱ ይወጣል።

ስልጆም ስትሠሪ እንደዚሁ ነው። የባቄላው ሹሮ ከበሰለ በኋላ ከነትኩሳቱ ሰናፍጭ ካደረግሽበት ሞተ በዪው። በረድ ይበል።»

እዚህ ላይ ቡና ፈላ ብላ ተነሳች። አንድ ጥያቄ ግን ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ የእናትሽ አገር የት ነው?


የሽምብጧ ጋጋሪ
ታኅሣሥ 5

እማማ እግዜር ይስጥዎ። እናቴ የሞጣ ሰው ናት። «አንቺ ልጅ ሆነሽ ተኝተሻል» ያሉኝን ሳነብ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እውነትዎን ነው። ማታ ማታ ምድጃው ላይ ጀበና የምታህል ጥቁር ድስት ትጥድ ነበር። ለእግር መታጠቢያ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጋገራ የለኝም፤ ማታ እሞክረዋለሁ።


የሽምብጧ ጋጋሪ
ታኅሣሥ 6

ሞከርኩ። አራት ስኒ ደረደርኩ። በእያንዳንዱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት። ልጄ ስኒዎቹ ሥር በወረቀት ቁጥር ጻፈችልኝ።

አንደኛው ላይ የፈላ ውሃ። ሁለተኛው ላይ የቧንቧ ውሃ። ሦስተኛው ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ። አራተኛው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከነሎሚው።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆየን። አንደኛው ያው ጭቃ ነው። አራተኛውን ቀመስኩት፤ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ግን ከሎሚው ይሁን ከሌላው አይለይም። ሁለተኛው ላይ አፍንጫዬን ሳስጠጋ ወደ ኋላዬ ሄድኩ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ልጄ «ልቅመስ» ብላ በጣቷ ጫፍ ነካች። ከዚያ በማድ ቤቱ ውስጥ እየዞረች እ! እ! እያለች ነው። ዓይኗ ቀላ። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? «ጨምሪልኝ።»

ወንድሜን ደወልኩለትና ነገርኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ላኪልኝ» ብቻ አለኝ።

በጎመን ዘር ነው ይሄ ሁሉ! ከምጣዱ አጠገብ በፌስታል ተንጠልጥሎ ስንት ዓመት ሲያየኝ!


ቁርጥ ወዳጁ
ታኅሣሥ 6

እሺ፣ ተሸነፍኩ። የምጣድ ማሰሻችንን ሰርቄ ሞከርኩት። ባለቤቴ ለካ ቆልታው ነበር፤ ምንም አላቃጠለም። «አላልኳችሁም!» ልል ስል የአዴቱ ስለ መቁላት የጻፈውን አየሁ። ጥሬ ገዝቼ ደገምኩት። አሁን እንባዬን እየጠረግኩ ነው የምጽፈው።

ግን አንድ ጥያቄ። እንዲህ ከሆነ ዘይቱን ጨምቀን ለምን አንበላውም? ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ።


የአዴቱ
ታኅሣሥ 7

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጎመን ዘር ዘይት ውስጥ ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ከዘይቱ 40 በመቶ አካባቢ ይሆናል። በየቀኑ ለምግብ ዘይትነት ይህ በዝቷል። ምጣድ ላይ የምትሄደዋ ቅባት ኢምንት ናት፤ ለሷ አትጨነቁ። ፋጉሎውንም ለከብት ያለ ልክ አትስጡ፤ ያው የሚያቃጥለው ነገር ስላለበት የእንቅርት ዕጢያቸውን ይጎዳል።

ያ ለምግብ የማይመቸው ዘይት ግን ለሌላ ነገር ተፈልጓል። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ የአውስትራሊያው ካንታስ 10 በመቶ የጎመን ዘር ነዳጅ ቀላቅሎ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ድረስ መንገደኛ አጓጓዘ። ምጣድ የምናስስበት ዘር ውቅያኖስ ተሻገረ። እኛ እዚህ በብርጭቆ እንሰፍራለን።

አሁን ወደ ጓሮው ልመለስና እህቴ ያላነሳነውን ላንሳልሽ።

ተባዩ ክሽክሽ ነው፤ የጎመን ክሽክሽ። አመድ የመሰለሽ ላዩ ላይ ያለው ሰም ነው። አመድ በአመድ ላይ ብትበትኚ ምን ይለዋል? ይህ ተባይ ጉደኛ ነው። ሲኒግሪኑ አይጎዳውም። ይልቅ ከተክሉ መጥጦ ገላው ውስጥ ያከማቸዋል። የራሱ ማይሮሲኔዝም አለው። ሌላ ነፍሳት ሲነክሰው ያው ሰናፍጭ ይፈነዳበታል። ሰርቆ የታጠቀ ሌባ በይው።

ዝናብ ሲቆም ነው የሚበዛው፤ ዝናቡ ያጥበው ነበር። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ሰኔ እንደገባ ሳይዘገዩ መዝራት ነው፤ አበባው ዝናብ ሳያልቅ ወደ ፍሬ ይሄዳል። በተረፈ ጫፉ ላይ የመጀመሪያዎቹን ስታዪ ቆርጠሽ በፌስታል አስረሽ ጣያቸው። በዝተው ከሆነ የሳሙና ውሃ ማታ ማታ ከቅጠሉ ሥር እርጪ። ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ካየሽ አትንኪያት፤ ክሽክሽ ነው የምትበላው። ኬሚካል ግን እባክሽ ይቅርብሽ። ቅጠሉን ትበያለሽ፣ አበባው ላይ ደግሞ የሰው ንብ አለ።

ዘሩን በተመለከተ በጣም አብዝተሻል። ለአንድ ሄክታር 10 ኪሎ ይበቃል። ያንቺ ጓሮ 18 ካሬ ሜትር ነው። ለሱ 18 ግራም ማለት ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። አንቺ ብርጭቆ ሙሉ በተንሽ፤ እርስ በርሱ ሲተናነቅ ከረመ። በአሸዋ ቀላቅለሽ በመስመር ዝሪው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አትቅበሪው። ለዋልካው ደግሞ መደብ ሥሪ፤ አንድ ስንዝር ከፍ ይበልና በመሃሉ የውሃ ቦይ ይኑረው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። ጎመን ዘር ከ2,200 በላይ ያለውን ቀዝቀዝ ያለ አገር ነው የሚወደው። ስለዚህ እንደ አዴት ወይም እንደ ሞጣ ይሁንልኝ ብለሽ አትጠብቂ፤ ግን ለቤት የሚሆን አይጠፋም።

የዚህ ዓመቱ መደብ ላይ ከርሞ ጎመን አትመልሺ። ሽንኩርት ወይም ባቄላ አድርጊበት።

ፍሬው ሁሉ እስኪደርቅም አትጠብቂ። የታችኛው ቢጫ ሲሆን፣ በጠዋት ጤዛው ሳይለቅ እጨጂው። በቀትር ከነካሽው እየተፈነቀለ መሬት ላይ ይቀራል።


ጎመን በጤና
ታኅሣሥ 7

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ሰርቆ የታጠቀ ሌባ» የምትለዋን ነው። ለሌላ ነገር ትሆነኛለች።


የሽምብጧ ጋጋሪ
ታኅሣሥ 10

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ይዤ ሴትዮዋ ጋ ሄድኩ። ከሩቅ ስታየኝ ጥቅልል ያለ ጆንያዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አፈርኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስህተቱ የኔ ነው» አልኳት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ስኒዎቹ። ስለ ክሮሞዞሙ ግን አልነገርኳትም፤ እኔም በደንብ አልገባኝም። አዳምጣ ስትጨርስ ሳቋ መጣ። «እኔኮ ያን ዕለት ግራ ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩሽ» አለችኝ። «ሰው ለምጣድ ሲለኝ ጎመን ዘር ብዬ እሰፍርለታለሁ። ለአዚፋ ሲለኝ ሰናፍጭ ብዬ እሰፍርለታለሁ። ከአንድ ጆንያ ነው። እንዴት ነው ዋሸሽ የምትይኝ?»

ምን ልበላት። እንጀራውን ሰጠኋት።

«ጥቁሩ፣ ደቃቁ፣ እውነተኛው የለሽም?» አልኳት። እዚህ ብዙ እንደማይመጣ ነገረችኝ። ከዚያ ከመቀመጫዋ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አወጣች። ለራሷ ቤት ያስቀመጠችው ነው። ዘግና ሰጠችኝ፤ ገንዘብ አልቀበል አለች። ቤት ገብቼ በማንኪያ ለካሁት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ነው። ቢጫ የሚባል አንድም የለበትም።

የአዴቱ፣ ይሄ ለሰኔ ይቆያል? ደግሞስ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢዘሩ ይዳቀሉብኛል?


የአዴቱ
ታኅሣሥ 10

ይቆያል። ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ክተቺውና ከምጣዱ ሙቀት አርቂው። መዳቀሉን አትፍሪ፤ እነዚህ ሁለቱ ባጠገብ ስለተዘሩ ብቻ በቀላሉ አይዳቀሉም። አንድ ነገር ግን ጠብቂ። ጥቁሩ ሰናፍጭ ሲደርስ የሚረግፈው ዘር መሬት ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በየክረምቱ ሳትዘሪው ይበቅልብሻል። ፍሬው ሳይረግፍ ካላጨድሽው አከራይሽ «እንዳሻሽ አድርጊያት» ያሉሽን ቃል ያነሣሉ።

ከዘሩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ለኔም አስቀምጪልኝ። ሰኔ ላይ ለሚጥሚጣ ችግኝ ስትመጪ እንለዋወጣለን።


የመሸንቲው
ታኅሣሥ 11

አያቴ «ለኔም» ብላለች። «የሞጣዋ ልጅ ናት፣ አትከለክለኝም» አለች።